እግር ይረግጣል፣ ዘይት ያቆማል



ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ጠዋት ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይወጣል፤ ባጃጁ በመሃል ይሽሎከለካል፣ ሚኒባሱ ጥሩምባውን እያሰማ ይከተላል። ድንገት የበግ መንጋ አስፋልቱን ማቋረጥ ቢጀምር ሦስቱም ፍሬን ይይዛሉ። የሚቆሙበት መንገድ ግን ይለያያል። ብስክሌተኛው እጀታውን ሲጨብጥ ቀጭን ሽቦ ይጎተታል፣ ሁለት ትንንሽ ጎሚኒዎችም ቸርኬውን ግራና ቀኝ ቆንጥጠው ይይዙታል። የባጃጁና የሚኒባሱ ሾፌር ፔዳሉን ሲረግጥ ግን የሚጎተት ሽቦ የለም። የእግሩን ጉልበት ተቀብሎ እስከ ጎማው የሚያደርሰው በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ የተዘጋ ፈሳሽ ነው፤ የፍሬን ዘይት።

ከመኪና ፈሳሾች ሁሉ የእሱን ያህል የተረሳ የለም። የሞተር ዘይት ኪሎ ሜትር እየተቆጠረ ይቀየራል። የራዲያተር ውሃ መንገድ ላይ ሳይቀር ይታያል። የፍሬን ዘይት ግን ካላነሰ የሚያስታውሰው ሰው የለም፤ ሲያንስም ተጨምሮበት ክዳኑ ይዘጋል። ከዚያ መኪናው ቁልቁለት ላይ አደጋ ሲደርስበት «ፍሬን በጥሶ ነው» ይባላል። መካኒክ ገብቶ ሲያይ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር አያገኝም። ምክንያቱን ለመረዳት ከእግር እስከ ጎማ ያለውን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከፈረንሳዊው ሊቅ ከብሌዝ ፓስካል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1623 እስከ 1662 የኖረ ሰው ነው፤ ስለ ፈሳሾች የጻፈው ሥራ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1663 ነበር። ዙሪያውን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለን ፈሳሽ በአንድ በኩል ቢጫኑት ግፊቱ ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል ይላል። ይህን ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ከመድኃኒት ቤት ሁለት ሲሪንጆች፣ አንዱ ባለ 5 ሌላው ባለ 20 ሚሊ ሊትር፣ መርፌያቸው ሳይገጠም ይገዛሉ። ውሃ ተሞልተው ጫፋቸው በቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ይገናኛል። ትንሹን ሲገፉት ትልቁ ይወጣል። አንድ ሰው በትንሹ፣ ሌላው በትልቁ በኩል አውራ ጣቱን አድርጎ ቢገፋፉ የትንሹ ባለቤት ያሸንፋል፤ ልጅ ቢሆንም እንኳ። ድሉ ግን ዋጋ አለው። ትንሹ ሲሪንጅ ብዙ ተጉዞ ትልቁ የሚንቀሳቀሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። ጉልበት የተገኘው በርቀት ተከፍሎበት ነው።

መኪናው የሚያደርገውም ይኸው ነው። አንድ ሾፌር ፔዳሉን በ20 ኪሎ ክብደት ያህል ረገጠ እንበል። ፔዳሉ ራሱ መፈንቅል ስለሆነ ጉልበቱን አምስት ጊዜ ያህል ያበዛዋል፤ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ላይ ሲደርስ 100 ኪሎ ሆኗል። ማስተር ሲሊንደር የሚባለው ይህ ፖምፓ 20 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ፒስተን ይዟል እንበል። ጎማው ጋ ያለው የካሊፐር ፒስተን ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዲያሜትሩ ሁለት ተኩል እጥፍ ሲሆን የፊቱ ስፋት ስድስት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። ስለዚህ 100ው ኪሎ እያንዳንዱ ካሊፐር ላይ 625 ኪሎ ሆኖ ይወጣል። ቆየት ብለን የምናየው አጋዥ ዕቃ፣ ሰርቮው፣ የሚጨምረው እዚህ ውስጥ ገና አልገባም። አንዲት ቀጭን ልጅ ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና በእግሯ ጫፍ የምታቆመው በዚህ ስሌት ነው።

ግፊቱ ጎማው ጋ ሲደርስ ሁለት ዓይነት አቀባበል ያገኛል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖችና ሚኒባሶች ፊት ጎማ ላይ ዲስክ አለ፤ ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ሳህን ነው። ካሊፐሩ ሁለት ፓዶችን ከግራና ከቀኝ ዲስኩ ላይ ይጭናል። ከኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ታምቡር ነው። በውስጡ ጨረቃ መሰል ሁለት ሸራ የለበሱ ብረቶች አሉ፤ ትንሽ ሲሊንደር ወደ ውጭ ሲገፋቸው የታምቡሩን የውስጥ ግድግዳ ይፈትጋሉ። በከተማው የሚዞሩት ባጃጆች ሦስቱም እግራቸው ላይ ያለው ይህ በዘይት የሚሠራ የታምቡር ፍሬን ነው። ታምቡር በትንሽ ጉልበት አጥብቆ ይይዛል፣ ምክንያቱም የሚዞረው ብረት ራሱ አንደኛውን ሸራ እየሳበ ወደ ግድግዳው ያስጠጋዋል። ጉዳቱ ሙቀት ማፈኑ ነው። ሌላም አመል አለው፤ በክረምት ዝናብ ውሃ ያቆረ መንገድ ከተሻገረ ሸራው ይረጥብና ለጥቂት ጊዜ አልይዝም ይላል። ስለዚህ ከውሃ የወጣ ባጃጅ ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት ፔዳሉን ቀስ አድርጎ እየረገጠ ጥቂት ሜትር ሄዶ ሸራውን ማድረቅ አለበት።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ ሲድሊ የተባለችውን መኪና አዲስ አበባ ድረስ ሲያመጣ በዓለም ላይ ያሉ መኪኖች የሚቆሙት በብረት ዘንግና በሽቦ ነበር። ዘንጉ በአንዱ ጎማ ላይ ቢጠብቅ፣ በሌላው ላይ ቢላላ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሳባል። በአራት ጎማ ላይ እኩል ማስያዝ የማያልቅ ሥራ ነበር። ፈሳሽ ግን አያዳላም፤ ግፊቱ ለሁሉም እኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ በዘይት ለሚሠራ ፍሬን የፈጠራ መብት አገኘ። ታዋቂው የአውሮፕላን ፋብሪካ ስሙን የወሰደውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በ1921 ዱዘንበርግ የተባለው ውድ መኪና አራቱንም ጎማ በዘይት ማስያዝ ጀመረ። በ1924 ክራይስለር በመካከለኛ ዋጋ አመጣውና ሌሎቹ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ተከተሉ።

በፈሳሽ የሚሠራ ነገር ግን አንድ ቦታ ከተቀደደ ይፈሳል። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንድ ቱቦ ሲበሳ አራቱንም ፍሬን ያጡ ነበር። መፍትሔው ማስተር ሲሊንደሩን ለሁለት መክፈል ሆነ። አሁን በአንዱ ፖምፓ ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ተከታትለው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ሁለት ጎማዎች ያዝዛል። ሞተሩም መንጃውም ከፊት በሆኑ ትንንሽ መኪኖች፣ ለምሳሌ በከተማችን በበዙት ቪትዞች፣ ክፍፍሉ አብዛኛውን ጊዜ በማዕዘን ነው፤ የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ ጋር። አንደኛው ቢፈስ ሌላው መኪናውን ያቆማል። ፔዳሉ ግን ከወትሮው በጣም ጠልቆ ይገባል፣ የሚቆምበት ርቀትም ይረዝማል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቀይ የፍሬን መብራት ከሚናገራቸው ነገሮች አንዱም ይህ ነው። የእጅ ፍሬን ሳይያዝ መብራቱ ከበራ መኪናው ከዚያ ወዲያ መሄድ የለበትም። «ጋራዥ እስክንደርስ ቀስ ብለን እንሂድ» የሚለው የተለመደ አነጋገር እዚህ ላይ አያዋጣም።

ስለ ሰርቮ አንድ ለደጋ ሰው የሚሆን ነገር አለ። ሰርቮ ከፔዳሉና ከፖምፓው መካከል የተቀመጠ፣ ክብ ጣሳ የሚመስል ዕቃ ነው። በውስጡ በጎማ ሽፋን ለሁለት ተከፍሏል። ሞተሩ ከአንዱ ክፍል አየሩን ይስባል፤ ናፍጣ ሲሆን ለዚህ የተሠራ ፖምፕ አለው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ በሌላው ክፍል የውጭው አየር ይገባና ሽፋኑን ይገፋዋል። እንግዲህ ሾፌሩን የሚያግዘው የከባቢ አየር ክብደት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው። ደብረ ታቦር ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ያው መኪና፣ ያው ሰርቮ፣ ደጋ ላይ ለሾፌሩ የሚሰጠው እገዛ ይቀንሳል፤ በድንገት አጥብቆ ማቆም ሲያስፈልግ እግር ትንሽ መበርታት አለበት። ዘይቱ በቱቦው ውስጥ ጉልበት የሚያስተላልፍበት መንገድ ግን በከፍታ አይለወጥም።

ሰርቮው ደህና መሆኑን መፈተን ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጣል፣ እስኪጠነክር ድረስ። ከዚያ እግር ሳይነሳ ሞተሩ ይነሳል። ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ እንውረድ።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በደብረ ማርቆስም ቢዞር በሞጣም ቢያቋርጥ ደጀን ላይ ይደርሳል። ከደጀን በኋላ ሜዳው ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከፍታው 1,300 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ታች በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ቆሟል፤ ከማዶ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን አቀበት ነው። በዚህ ቁልቁለት ፍሬን የሚሠራው ሥራ በሹም አቦ ከሚሠራው ጋር አይገናኝም።

ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ ሦስት ሺህ ኪሎ ይመዝናል እንበል። ይህ ክብደት 1,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት 38 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። 120 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ንፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይወስዱታል። ሾፌሩ እግሩን ከፍሬን ካላነሳ ግን አብዛኛው ወደ ዲስኩና ወደ ታምቡሩ ይገባል። ፍሬን ጉልበትን አያጠፋም፣ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ወደ አየር እስኪወጣ የሚቀመጥበት ብረት ትንሽ ነው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት የፓዱና የዲስኩ ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ ሁለት ነገር ሊመጣ ይችላል፤ ሾፌር ሁሉ ልዩነቱን ሊያውቅ ይገባል። የመጀመሪያው ሸራው ሲግል መያዙን ማቆሙ ነው። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አልቆም ይላል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታም ይመጣል። ሁለተኛው የከፋ ነው። ሙቀቱ በፒስተኑ በኩል አልፎ ዘይቱ ጋ ይደርስና ዘይቱን ያፈላዋል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። በቱቦው ውስጥ ጥቂት የእንፋሎት አረፋ ከተፈጠረ የእግሩ ጉልበት አረፋውን በመጭመቅ ያልቃል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልስና እስከ ወለሉ ይወርዳል። ጎማው ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

መካኒኩ ምንም ያላገኘበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ፔዳሉ ይጠነክራል፣ ቱቦው ደህና ነው፣ ዘይቱም አልፈሰሰም። አደጋውን ያደረሰው ነገር ከመካኒኩ ፊት ጠፍቷል።

ታዲያ ዘይቱ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ይህ በዕድሜው ይወሰናል። በእኛ አገር በብዛት የሚሸጠው የፍሬን ዘይት ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ምልክት አለው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ሁለቱም የሚሠሩት ከግላይኮል ዘር ነው፤ ግላይኮል ደግሞ ውሃ ይወዳል። በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ በየወሩ ይጠጣል። ክረምቱ ረጅም፣ ሐይቁ ቅርብ በሆነበት ከተማ እርጥበት አይጠፋም። ውሃው ከመቶ አራት እጅ ገደማ ሲደርስ የዶት 3 መፍያ ወደ 140 ዲግሪ፣ የዶት 4 ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በከተማ ውስጥ ይህ ለውጥ አይታወቅም፤ ፔዳሉም ያው ነው፣ መኪናውም ይቆማል። ደጀንን ሲያልፍ ግን 65 ዲግሪ የሚሆን መጠባበቂያ እንደሌለው ይገለጣል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚያዝዙት ለዚህ ነው፤ መኪናው ቢሄድም ቢቆምም።

በቁልቁለት ዋናው ፍሬን ሞተሩ ራሱ ነው። ሾፌሩ ገና ጫፉ ላይ ሳለ ከባድ ማርሽ ካስገባ ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑ አልፎ አልፎ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ጠንከር ተደርጎ ተረግጦ ይለቀቃል፣ በመካከሉም ይቀዘቅዛል። ቀስ አድርጎ ሳያቋርጡ መርገጥ ደግ ይመስላል እንጂ ሙቀት የሚያከማቸው እሱ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ ነው። ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል። ቁልፉ ከተዘጋማ ሰርቮው የያዘው ክፍተት ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል። ቁጠባውም ቢሆን የለም፤ ኮምፒውተር ያላቸው መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርዱ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ ይዘጋሉ፣ በፎሌ ሲሆኑ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይረጫሉ። ይህን የሚሰሙ የቆዩ ሾፌሮች ይከራከራሉ። ክርክሩ ይቀጥል፤ ማርሹ ግን ይግባ።

የከባድ ጭነት መኪኖች ነገር ሌላ ነው። ሲኖትራክና መሰሎቹ የሚቆሙት በታመቀ አየር ነው፤ ሲቆሙ የሚሰማው «ፍሽ» ከዚያ የሚወጣ ነው። የአየር ፍሬን ግፊቱ ሲጠፋ በብርቱ ሞላ ራሱን ይቆልፋል። ሸራው ግን እንደ ሌላው ይግላል፤ ሙቀት ማንንም አይምርም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። እነሱም የዘይት ፍሬን አላቸው። ልዩነቱ ሾፌሩ የፍጥነት ፔዳሉን ሲለቅ ሞተራቸው ወደ ጀነሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን እየሞላ መኪናውን መያዙ ነው። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና የደጀንን ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ የቀረው ወደ ባትሪው ይመለሳል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ደጀን ላይ መቶ በመቶ ተሞልቶ የተነሣ ባትሪ ምንም መቀበል አይችልም፤ ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ወደ ፓዱና ወደ ዘይቱ ይመለሳል። ፓዳቸው ቶሎ ስለማያልቅ ባለቤቶቹ ፍሬኑን መርሳታቸው አይቀርም፤ ዘይቱ ግን በእነሱም ውስጥ ውሃ ይጠጣል።

ስለ መጨመርና ስለ መቀየር ጥቂት እንበል። ፓድ እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወጣል፣ የተወውም ቦታ በዘይት ስለሚሞላ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ቀስ እያለ ይቀንሳል። ስለዚህ ያነሰ ዘይት መጀመሪያ የሚጠይቀው ፓድና ሸራ እንዲታይ፣ የሚያፈስ ቦታ እንዲፈለግ ነው። ሳያዩ መጨመር ምልክቱን መደበቅ ነው። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ከተጨመረ ደግሞ የፖምፓው ጎሚኒዎች ያብጣሉ፤ ያኔ ከማስተር ሲሊንደሩ ጀምሮ ሁሉም መለወጡ ነው። ውሃ መጨመርማ ከላይ የተባለውን ሁሉ በአንድ ቀን ማድረግ ነው።

በሚቀየርበት ጊዜ ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ረዳቱ ከመሪው ኋላ ይቀመጣል፣ መካኒኩ ከጎማው ሥር ይገባል። «ርገጥ፣ ርገጥ፣ ያዘው!» ይላል። ረዳቱ ሲይዘው መካኒኩ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ይፈታል፤ አሮጌው ዘይት አረፋ እየደፈቀ በቱቦ ይወጣል። ቡሎኗ ተመልሳ ሳትጠብቅ ረዳቱ እግሩን ካነሳ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ሥራውም ከመጀመሪያው ይደገማል። አብዛኛውን ጊዜ ከፖምፓው በጣም ከራቀው ጎማ ተጀምሮ፣ አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ አራቱም ይዞራሉ። ማጠራቀሚያው በመሃል ባዶ እንዳይሆን መጠበቅም አለበት። የወጣው ዘይት ተመልሶ አይገባም። ተከፍቶ የከረመ ጣሳም እንደዚሁ፤ እርጥበቱን መደርደሪያ ላይ ሆኖ ጠጥቶታል። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ቶሎ በውሃ ይታጠብ፤ ቀለሙን ይልጠዋል።

ፍጥነትም የራሱ ሂሳብ አለው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሰፊ ነው፣ ሰፊ መንገድ ደግሞ ነዳጅ ያስረግጣል። በደረቅ አስፋልት፣ በደህና ጎማ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ከያዘ በኋላ በ9 ሜትር ያህል ይቆማል። በ80 ሲሆን 35 ሜትር ይፈልጋል፤ ሾፌሩ አይቶ እስኪረግጥ የሚያልፈው ከ20 ሜትር በላይ ሳይቆጠር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን የትኛውም ዘይት አይለውጠውም፤ በመጨረሻ አስፋልቱን የሚይዘው ጎማው ነው።

በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የምትወርዱ አድማጮች ከመነሣታችሁ በፊት የሞተሩን ክዳን ከፍታችሁ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ተመልከቱ። ቀለሙ ጠቁሮ ቡና ከመሰለ፣ ወይም መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ፣ እዚሁ ባሕር ዳር አስቀይሩት። መንገድ ላይ ፔዳሉ ከለሰለሰ ደጋግማችሁ በፍጥነት ርገጡ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ጎማው ላይ ውሃ አትድፉ፤ የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። ፔዳሉ ተመልሶ ቢጠነክርም ዘይቱ ሳይቀየር ቁልቁለቱን አትቀጥሉ።